ዐሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ አርባ ስምንት ጠጠር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የኅዳር ምሽት ነው። የደብረ ማርቆስ ብርድ ከጨለማው ጋር ተያይዞ ወርዷል። ተማሪዎች በተከራዩት አንድ ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ የዘበኛ ቤት ውስጥ አምስት ወጣቶች በአንድ አዛውንት ዙሪያ ተቀምጠዋል። ከሰል ምድጃው ላይ ቡና ይፈላል፤ በሰፌድ የቀረበው የገብስ ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። መሐል ላይ ያለው ግን ሁሉም ዐይኑን የተከለበት ነገር ነው፤ ከዋንዛ እንጨት የተፈለፈለ፣ በሁለት መደዳ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው ገበጣ።

ይህ ስብስብ ስም የለውም፤ ማኅተምም ሆነ መተዳደሪያ ደንብ አላወጣም። የተጀመረውም በአጋጣሚ ነበር። መብራት በጠፋበት አንድ ማታ፣ ማንበብ ያልቻሉት ተማሪዎች ወደ ዘበኛው ቤት ጎራ ሲሉ አዛውንቱ ብቻቸውን ጠጠር ሲያዟዙሩ አገኟቸው። ከዚያ ወዲህ መብራት ኖረም አልኖረም ማክሰኞ ማታ የጨዋታ ማታ ሆነ። አንዱ ከሰፈር ልጆች የተማረውን ዳማ ከነቆርኪው ይዞ መጣ፤ ሌላዋ ቼዝ አመጣች። ይሁን እንጂ ሁሉም ዞረው ዞረው የሚመለሱት ወደ ገበጣው ነበር፤ ምክንያቱም አዛውንቱን ያሸነፈ አልነበረም።

ተማሪዎቹ «አባባ» ነው የሚሏቸው። ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ገበጣን የተማሩት በጮቄ ተራራ ግርጌ በግ ሲጠብቁ፣ መሬት ምሰው፣ ከወንዝ ዳር በለቀሙት ጠጠር ነው። ታዲያ ልዩነትና ውህደት ስሌትን የሚያውቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለምን ይሸነፋሉ? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ስንከታተል ግን ያላሰብነው ሌላ ጥያቄ ላይ ደርሰናል።

የማታው ደንብ

ገበጣ አንድ ጨዋታ አይደለም፤ የብዙ ጨዋታዎች ቤተሰብ ስም ነው። ሊቃውንት ይህንኑ ቤተሰብ በመላው ዓለም «ማንቃላ» እያሉ ይጠሩታል፤ ቃሉ ማዛወር የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ግሥ የመጣ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ኦዋሬ፣ በሌላውም አገር በሌላ ስም ይታወቃል። ደንቡ ከአገር አገር፣ አንዳንድ ጊዜም ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል። ስለዚህ ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት በዚያች ቤት የሚጫወቱበትን ደንብ በትክክል ማስቀመጥ ይገባናል።

በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ጠጠር ይደረጋል፤ በድምሩ 48 ጠጠር ማለት ነው። አንዱ መደዳ የአንዱ፣ ሌላው መደዳ የሌላው ተጫዋች ነው። ተራ የደረሰው ከራሱ ጉድጓዶች የአንዱን ጠጠር በሙሉ አንሥቶ ወደ ቀኝ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ አንድ እየጣለ ይዘራል፤ የራሱ መደዳ ሲያልቅ በተጋጣሚው መደዳ ላይ ዞሮ ይቀጥላል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈ፣ እዚያ ያለውን ሁሉ አንሥቶ መዝራቱን ይቀጥላል። ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈ ግን ይቆማል። ያ ባዶ ጉድጓድ በራሱ መደዳ ከሆነ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የተጋጣሚውን ጉድጓድ ይበላል፤ በተጋጣሚው መደዳ ከሆነ ምንም ሳያገኝ ተራውን ይለቃል። በመጨረሻ ብዙ የበላ ያሸንፋል።

ደንቡ ይኸው ነው፤ የሰባት ዓመት ሕፃን በአንድ ቀን ይማረዋል።

ከዳር የማይጀምሩት አዛውንት

ከተማሪዎቹ አንዷ የሒሳብ ተማሪ ናት። ለብዙ ምሽቶች ከመጫወት ይልቅ ማየት መርጣ ነበር። አንድ ማታ እንዲህ አለች፦

«አባባ፣ መጀመር ሲደርስዎት አንድም ቀን ከመጀመሪያው ጉድጓድ አንሥተው አያውቁም። ከመጨረሻዎቹ ሁለቱም አንሥተው አያውቁም። ሁልጊዜ ከግራ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ነው የሚያነሡት። ለምንድን ነው?»

አዛውንቱ ፈገግ አሉ። «ከዳር የጀመረ ዳር ይቀራል፣ ልጄ» አሉና ቡናቸውን ፉት አሉ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም። ምናልባት ሌላ ማብራሪያ አልነበራቸውም፤ እጃቸው የሚያውቀውን አንደበታቸው አይናገረውምና።

ልጅቱ ደብተሯን ከፈተች። ጉድጓዶቹን ከ1 እስከ 12 ቁጥር ሰጠቻቸው፤ ከ1 እስከ 6 የጀማሪው መደዳ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከ7 እስከ 12 ደግሞ የተጋጣሚው መደዳ፣ 7 ከ6 ፊት ለፊት፣ 12 ከ1 ፊት ለፊት። ከዚያም ከ1ኛው ጉድጓድ ብንጀምር ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ጻፈች። አንባቢም ጠጠር ወይም ባቄላ ይዞ ሊከተላት ይችላል።

ከ1ኛው አራት ጠጠር ተነሥቶ ሲዘራ የመጨረሻው 5ኛው ላይ ያርፋል። እዚያ አራት ስለነበረ አሁን አምስት ሆኗል፤ አምስቱ ተነሥቶ ሲዘራ 10ኛው ላይ ያልቃል። እዚያም አምስት ሆኗል፤ ተነሥቶ ሲዘራ ዞሮ 3ኛው ላይ ያልቃል። 3ኛው ቀደም ሲል አንድ ተጨምሮለት ስለነበር አሁን ስድስት ነው፤ ስድስቱ ተነሥቶ 9ኛው ላይ ያልቃል። 9ኛውም ስድስት ሆኗል፤ ተነሥቶ ሲዘራ እንደገና 3ኛው ላይ ያልቃል። 3ኛው ግን አሁን ባዶ ነው። እዚህ ላይ እጅ ይቆማል። በአምስት አነሣስ 26 ጠጠር ተዘርቷል። ገበጣውም ይህን መልክ ይይዛል፦

ከ1 እስከ 6፦ 2፣ 7፣ 1፣ 6፣ 1፣ 6
ከ7 እስከ 12፦ 6፣ 6፣ 0፣ 1፣ 6፣ 6

ከ3ኛው ፊት ለፊት ያለው 10ኛው ነው፤ በውስጡ ያለው አንድ ጠጠር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዞሮ የተገኘው ምርኮ አንድ ጠጠር ሆነ።

ከሌሎቹ ጉድጓዶች ብንጀምርስ? እዚህ ላይ ልጅቱ ስድስት ጊዜ መቁጠር አላስፈለጋትም። በመጀመሪያ ሁሉም ጉድጓዶች እኩል ናቸው፤ ዐሥራ ሁለቱም በክብ የተያያዙ ናቸው። በመሆኑም ከየትኛውም ጉድጓድ ቢጀመር የሚገኘው ሥዕል ያው ነው፤ ክቡ ላይ ዞሮ ይቀመጣል እንጂ አይለወጥም። ሒሳብ ይህን ዓይነቱን ጠባይ «ሲሜትሪ» ይለዋል። ጅማሬው በአንድ ጉድጓድ ወደ ቀኝ ሲገፋ ማብቂያውም በአንድ ጉድጓድ ይገፋል፤ ሁልጊዜም ከጅማሬው ሁለት ጉድጓድ አልፎ ባዶ ላይ ይቆማል። የሚለየው ፊት ለፊት የሚገጥመው ብቻ ነው።

ስሌቱ ሲጠናቀቅ እንዲህ ሆነ፦ ከ1ኛው የጀመረ አንድ ጠጠር ይበላል። ከ2ኛው፣ ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው የጀመረ ስድስት ስድስት ጠጠር ይበላል። ከ5ኛውና ከ6ኛው የጀመረ በተጋጣሚው መደዳ ላይ ስለሚቆም ምንም አይበላም።

የአዛውንቱ ሦስት ጉድጓዶች በትክክል እነዚያው ሦስቱ ነበሩ።

ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አዛውንቱ ግን አልተደነቁም። «እሱንማ በግ ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል» አሉ።

ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላስ?

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ተራ ስድስት ጠጠር መብላት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ለማሸነፍ የሚበጀው አጀማመር እሱ መሆኑን አያረጋግጥም። ያን ለማወቅ የተጋጣሚውን መልስ ሁሉ፣ ለዚያም የሚሰጠውን መልስ ሁሉ መከተል ያስፈልጋል። ታዲያ መንገዱ ምን ያህል ረጅም ነው?

48 ጠጠር በ12 ጉድጓድ ውስጥ በስንት ዓይነት መንገድ ሊቀመጥ እንደሚችል እናስብ። ጠጠሮቹን ሁሉ በአንድ መሥመር ደርድረን በመካከላቸው 11 ግድግዳ ብናቆም 12 ክፍል ይገኛል። ስለዚህ ጥያቄው ከ59 ቦታዎች ውስጥ ለግድግዳ የሚሆኑ 11 ቦታዎችን በስንት መንገድ መምረጥ ይቻላል ወደሚል ይለወጣል። ይህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚታወቀው የጥምረት ስሌት ነው፤ መልሱም 279,871,768,995 ይሆናል። በየሴኮንዱ አንድ አደራደር የሚያይ ሰው ሁሉንም ለማየት ከ8,800 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ጠጠር እየተበላ ሲቀንስ የሚፈጠሩትን ሁሉ ስንጨምርበት ቁጥሩ ከ1.3 ትሪሊዮን በላይ ይደርሳል። በጨዋታው ደንብ ሊደረስባቸው የማይችሉ አደራደሮች ስላሉ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ግዝፈቱን ለመረዳት ግን ይበቃል።

ለሰው የማይቻለው ለኮምፒውተር ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎች ካላህ የተባለውን የዚሁ ቤተሰብ ዘመናዊ ጨዋታ በኮምፒውተር ፈቱት፤ በስድስት ስድስት ጉድጓድና በአራት አራት ጠጠር ሁለቱም ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ ጀማሪው ያሸንፋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በአምስተርዳም ቭሪየ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል የኦዋሬን ዘመድ አዋሪን በ144 ፕሮሰሰሮች ታግዘው እስከ መጨረሻው ፈቱ። 889,063,398,406 አደራደሮችን መርምረው ያገኙት መልስ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ጨዋታው በእኩል ይለያል የሚል ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «የእኛ ገበጣስ ተፈትቷል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በመጀመሪያ «የትኛው ገበጣ?» የሚለውን መመለስ ግድ ይላል። ኮምፒውተር የተጻፈለትን ደንብ ብቻ ነው የሚፈታው። ያልተጻፈ ደንብ የሚፈታ መሣሪያ የለም።

የአንዲት ጠጠር ልዩነት

የደንብ ዝርዝር ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት አንድ ሙከራ ብቻ እናድርግ። ሌላውን ደንብ ሁሉ እንዳለ ትተን በእያንዳንዱ ጉድጓድ በአራት ፋንታ ሦስት ጠጠር እናድርግ። በ36 ጠጠር መጫወት ማለት ነው።

ከ1ኛው ስንጀምር መጀመሪያ 4ኛው ላይ፣ ቀጥሎ 8ኛው ላይ፣ ቀጥሎ 12ኛው ላይ እናርፋለን፤ በመጨረሻም ቀድሞ ባዶ በሆነው በ4ኛው ላይ እንቆማለን። ፊት ለፊቱ 9ኛው ጉድጓድ አራት ጠጠር ይዟል። በዚሁ መንገድ ስንቀጥል ከ1ኛው፣ ከ2ኛውና ከ3ኛው የጀመረ አራት አራት ይበላል፤ ከ4ኛው፣ ከ5ኛውና ከ6ኛው የጀመረ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። አዛውንቱ ይመርጡት የነበረው 4ኛው ጉድጓድ አሁን ዋጋ ቢስ ሆነ፤ ይሸሹት የነበረው የዳሩ 1ኛ ጉድጓድ ደግሞ መልካም ሆነ። የተለወጠው በየጉድጓዱ አንዲት ጠጠር ብቻ ነው። የአንድን መንደር ገበጣ የመዘገበ ሰው «ሦስት ነው አራት?» የሚለውን መጻፍ ቢረሳ፣ የመዘገበው ጨዋታ የዚያ መንደር ጨዋታ አይደለም ማለት ነው።

ዐይን እንዴት ይቆጥራል?

አዛውንቱ ሲጫወቱ ጠጠር በጣታቸው አይቆጥሩም። አየት አድርገው ያነሣሉ፤ ሲዘሩም የት እንደሚቆሙ አስቀድመው ያወቁ ይመስላሉ። ስለዚህ ጉዳይ የሥነ ልቡና ሳይንስ የሚለው አለው።

የሰው ዐይን እስከ አራት የሚደርሱ ነገሮችን ሳይቆጥር በአንድ እይታ ያውቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ወይ መቁጠር ወይ መከፋፈል ይኖርበታል። ሰባት ጠጠር ያለበትን ጉድጓድ ልምድ ያለው ተጫዋች እንደ አራትና ሦስት ያየዋል። ነገር ግን ልምድ የሚሰጠው ይህን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ዊልያም ቼይስና ኸርበርት ሳይመን ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ የቼዝ ሊቆች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደን አደራደር ለአምስት ሴኮንድ ብቻ አይተው ከጀማሪዎች እጅግ በተሻለ ሁኔታ መልሰው ይደረድሩታል። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት በዘፈቀደ ሲደረደሩ ግን ብልጫቸው ይጠፋል ማለት ይቻላል። ይህም ሊቁ ከሌላው የተለየ የማስታወስ ኃይል እንደሌለው ያሳያል። ያለው ነገር ለዓመታት ያከማቸው የትርጉም ክምችት ነው፤ እያንዳንዱን ጠጠር ለብቻው ሳይሆን እንደ ቃል ፊደላት አያይዞ ያነባቸዋል።

ተማሪዎቹ ይህንኑ በአዛውንቱ ላይ ሞከሩት። ከጨዋታ መሐል ገበጣውን በጋቢ ሸፍነው በየጉድጓዱ ያለውን ሲጠይቋቸው ሳይቸገሩ ነገሯቸው። በዘፈቀደ በትነው ካሳዩአቸው በኋላ ሲጠይቋቸው ግን ተቆጡ፤ «ይሄ ምን ጨዋታ ነው? ማን እንዲህ ይደርሳል?» አሉ። እርግጥ ነው፣ በአንድ ሰው ላይ ለአንድ ማታ የተደረገ ሙከራ ማስረጃ አይባልም። ቁጣቸው ግን ከጥናቱ ውጤት ጋር ይስማማል፤ ትርጉም የሌለው አደራደር ለሊቅ እንደ ስድብ ነው።

የጠፋው ጨዋታ

ወደ ቼዙ እንመለስ። ተማሪዋ ያመጣችውን ቼዝ አዛውንቱ ባዩ ጊዜ «ይሄ የመኳንንቱ ጨዋታ ነው። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉታል። ሲጫወቱት ግን አላየሁም» አሉ።

ከተማሪዎቹ የኬሚስትሪው ተማሪ ሣቀ። «እኔ የማውቀው የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ነው» አለ።

ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ «ሰንጠረዥ» የምንለው ቃል በእርግጥም የጨዋታ ስም ነው። በሕንድ ቻቱራንጋ ይባል የነበረው የጦርነት ጨዋታ ወደ ፋርስ ሲሻገር ቻትራንግ፣ ወደ ዐረቦች ሲደርስ ሻትራንጅ፣ ወደ እኛ ሲመጣ ሰንጠረዥ ሆነ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ይወዱት እንደነበር ይገልጻል። እቴጌ ጣይቱም ጎበዝ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገራል።

ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አንድ አስደናቂ ነገር ነበረው። አጀማመሩ በተራ አልነበረም። የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች የሌላውን ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንግሥቲቱን የቼዝ ኃያል አድርገው ደንቡን ሲለውጡ፣ የእኛዎቹ የቀድሞውን ዓይነት አረማመድ እንደያዙ ቀጥለዋል።

ይህ ጨዋታ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀረ። ደንቡን ዛሬ የምናውቀው መንገደኞች በጉዞ መጽሐፎቻቸው ስለጻፉት፣ እንግሊዛዊው የቼዝ ታሪክ ጸሐፊ ሃሮልድ መሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ስለሰበሰበው፣ በኋላም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሥራች ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በጥናት ስላቀረቡት ነው። ፓንክረስት በዚያው ዓመት ስለ ገበጣም ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ በደርዘን የሚቆጠሩ የገበጣ ዓይነቶችን ከነደንባቸው መዝግበዋል። ያ ሥራ ዛሬም ዋና መነሻ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተመራማሪ፣ የቱንም ያህል ቢተጋ፣ በየተራራው ግርጌ ያለውን እረኛ ሁሉ ሊጠይቅ አይችልም።

«እሱ ጠፋኝ»

ያን ማታ ወሬው ከሰንጠረዥ ሳይወጣ አዛውንቱ ድንገት አንድ ነገር አነሡ።

«የአያቴ ገበጣ እንዲህ አልነበረም» አሉ። «ሦስት መደዳ ነበረው። በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር። ሲጀመርም ተራ የለም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያነሡና ይሽቀዳደማሉ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ተራ የሌለው አጀማመር! ስለ ሰንጠረዥ ወረራ ገና መናገራቸው ነበር። ሁለቱ ይዛመዳሉ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም። ቢሆንም የሒሳብ ተማሪዋ ቶሎ ብላ ደብተሯን አወጣች።

«አበላሉስ እንዴት ነው አባባ?»

አዛውንቱ እጃቸውን ወደ ገበጣው ሰደዱ። ጣታቸው ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሄደ፤ ከዚያም ቆመ።

«እሱ ጠፋኝ» አሉ።

ተማሪዎቹ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሦስት መደዳ፣ ዐሥራ ስምንት ክብ ሣሉ። 54 ጠጠር አሟሉ። ሊሆኑ የሚችሉ ደንቦችን አንድ በአንድ እያሰቡ በፊታቸው ይጫወቱ ጀመር። በመጀመሪያ የፊት ለፊቱን መብላት ሞከሩ፤ «አይደለም» አሉ አዛውንቱ ወዲያው። ሁለተኛውን ሞከሩ፤ «ይሄም አይደለም»። ሦስተኛውም እንዲሁ። ልብ ይሏል፤ ሰውዬው ትክክለኛውን ማስታወስ አልቻሉም፤ ስሕተቱን መለየት ግን አልተሳናቸውም። ማስታወስና ማወቅ ሁለት የተለያዩ የአእምሮ ተግባራት መሆናቸውን ሥነ ልቡና ያስተምራል፤ ያየነውን ለይቶ ማወቅ ከባዶ ከማስታወስ ይቀላል። ተማሪዎቹ ሳያውቁት የሳይንስን የቆየ መንገድ ይዘው ነበር፤ መላ ምት ማቅረብ፣ መፈተን፣ የወደቀውን መጣል።

በአራተኛው ደንብ አራት ጠጠር የሞላበትን ጉድጓድ መብላት ሞከሩ። አዛውንቱ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ።

«ሊሆን ይችላል» አሉ።

ከዚያ አላለፉም። ከእሳቸው ጋር የተጫወተ ሌላ ሰው በሕይወት አለ ወይ ብለው ሲጠይቋቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ምን እንጠይቅ?

ውድ አንባቢ፣ ለበዓል ወይም ለዕረፍት ወደ ቤትህ ወይም ወደ ቤትሽ ስትመለሱ፣ በአጠገባችሁ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። አያት ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤት ወይም ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ገበጣን ለመመዝገብ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ግን ዐሥራ ሁለት ጉድጓዱን ያየ ሁሉ ደንቡን አላወቀምና በትክክል መጠየቅ ያስፈልጋል።

መደዳው ስንት ነው? በየመደዳው ስንት ጉድጓድ አለ? በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር ይጀመራል? የሚዘራው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? የተነሣበት ጉድጓድ ሲዞር ይዘለላል ወይስ ይዘራበታል? የመጨረሻው ጠጠር ሲያርፍ መቼ ይቀጥላል፣ መቼ ይቆማል? መቼ ይበላል፣ ምንስ ይበላል? ጨዋታው እንዴት ይጀመራል፣ እንዴትስ ያልቃል? ለጉድጓዱ፣ ለምርኮው፣ ለድሉ የሚሰጡት ስም ምንድን ነው? ተናጋሪው ከማን፣ የትና በስንት ዓመቱ ተማረው? ከሁሉም በላይ፣ ነገሩን ሰምቶ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ አብሮ መጫወት ይገባል። ሰው በአፉ የሚዘለውን ደንብ በእጁ አይዘለውምና።

የተጻፈውን ደንብ በኮምፒውተር ቋንቋ መጻፍ፣ የትኛው አጀማመር እንደሚያዋጣ ማስላት፣ የሁለት ቀበሌዎችን ገበጣ ማነጻጸር የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ወይም የሒሳብ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ሥራ ከዚህ ውስጥ አይጠፋም። የአምስተርዳሞቹ 889 ቢሊዮን አደራደር የመመርመር ዕድል ያገኙት አንድ ሰው ቀደም ብሎ የአዋሪን ደንብ ሳያጓድል ስለጻፈ ነው።

የሒሳብ ተማሪዋ ደብተር ዛሬም አለ። የማታው ገበጣ ስሌት የሠፈረበት ገጽ ሙሉ ነው፤ ከሥሩም «ተረጋግጧል» ይላል። የሚቀጥለው ገጽ የሦስት መደዳው ነው። የመደዳው ቁጥር፣ የጠጠሩ ቁጥር፣ አጀማመሩ በየተራቸው ተጽፈዋል። «አበላሉ» ከሚለው ርእስ ትይዩ ግን አራተኛው ደንብ በእርሳስ ተጽፎ፣ በአጠገቡ በቅንፍ «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ሠፍሯል። በቀለም አልደመቀም፤ ከጮቄ ግርጌ ሌላ የሚያስታውስ ሰው እስኪገኝ ድረስ በእርሳስ እንደተጻፈ ይቆያል።